በአምባዛ ውሃ የበቀለ ጎመን

ይህ ጉዳይ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንዲት ግራጫ በቅሎ፣ ሁለት የወይን በርሜል፣ አሥራ ስምንት አሞሌ ጨው፣ ሰባት ጊዜ ታጥቦ ሽታው ያልለቀቀው አንድ ጋቢና ከሚስቴ ጋር የሁለት ሳምንት ኩርፊያ ነው። ኩርፊያውን በዋጋ ልተምነው አልችልም። በቅሎዋን ግን እችላለሁ፤ ቁይ ገበያ ወስጄ በአህያ ዋጋ የሸጥኳት እኔው ነኝ።

ነጋዴ ነኝ። በኛ አገር ነጋዴ ሲሉ እስላም ማለታቸው ነው፤ እስላም ሲሉም ነጋዴ። እኔ ሁለቱንም ነኝና ቅር አይለኝም። ደብረ ማርቆስ ላይ ጨውና አቡጀዲ እሸጥ ነበር። ትምህርት ቤቴ ገበያ ነው። ሀሁን ከአንድ የቆሎ ተማሪ በአንድ አሞሌ ገዛሁት፤ በሕይወቴ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ ያላከሰረኝ እሱ ብቻ ነው።

ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ወጣ ብሎ፣ ወደ ጨሞጋ ወንዝ በሚያወርደው ተዳፋት ላይ፣ አንድ ገበሬ ወዳጅ ነበረኝ። አባቱና አባቴ ወዳጆች ነበሩ፤ እኛ ወዳጅነቱን ከነቤቱ ወረስነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ የገባ ሰሞን ሱቄ ሊዘረፍ ነው ተብሎ ሲወራ፣ ይህ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ጨዬን በአህያ አመላልሶ ከጤፍ ክምሩ ሥር ቀበረልኝ። ከሦስት ወር በኋላ ስናወጣው አንድ አሞሌ አልጎደለም። እንዲያውም አንድ ተርፎ ተገኘ። እሱ «ያንተ ነው» ይለኛል፣ እኔ «ያንተ ነው» እለዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ባለቤት አላገኘም።

ታዲያ ይህን ያህል እየተዋደድን አንድም ቀን አብረን ሥጋ በልተን አናውቅም። የክርስቲያን ቢላ ያረደውን እኔ አልበላም፤ የኔ ቢላ ያረደውን እሱ አይበላም። የአገሩ ወግ ነው፤ የሚያጣላም አይደለም። በዓል በመጣ ቁጥር እግሯ የታሰረ ዶሮ ያቀርብልኛል። ቢስሚላህ ብዬ አርዳለሁ፤ ጓሮ ለብቻዬ በተጎለተልኝ ጉልቻ ትጠበሳለች፤ ለብቻዬ በተቀመጠችልኝ ሰማያዊ አበባ ባለባት የቆርቆሮ ሳህን እበላለሁ። ሳህኗን የምታመላልስልኝ አንዲት ልጁ ነበረች። የዶሮ እግር እየጋጥኩ ከቤት ውስጥ የሰውን ሳቅ እሰማለሁ። ቅሬታ ነበረኝ ብል ዋሸሁ፤ ሙሉ ዶሮ ለብቻ መብላት ምንም አያስከፋም። ቅሬታው የልጅቷ ነበር።

ያች ልጅ አደገችና ጠያቂ መጣላት። ጣሊያን በሰፈረ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት፣ የጠያቂው ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰርጉ ለከርሞ ጥር ይሁን ተባለ። እኔም ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጫለሁ። እናቷ ልጅቷን ጠርታ «ደስ ብሎሻል?» ስትላት አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለች።

«በሰርጌ ቀን አባባ ነጋዴ እንደ ልማዳቸው ጓሮ ይቀመጣሉ?»

«እና የት ይቀመጡ?»

«ጓሮ የሚቀመጡ ከሆነ ሰርጉ ይቅርብኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አባቷ ግን አልሳቀም፤ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ማርያምን! በልጄ ሰርግ ይህ ሰው ከጎኔ ተቀምጦ፣ ከኔ መሶብ፣ እኔ ከበላሁት ወጥ ይበላል! ይህ ባይሆን ልጄን አልድርም!»

በኛ አገር በሰው ፊት «ማርያምን» ተብሎ የተማለ ነገር እንደ ተቀጣጠለ ገለባ ነው፤ ወይ ታጠፋዋለህ ወይ ያጠፋሃል። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ሚስቱ ወገቧን ይዛ ቆመች። ይህች ሴት ምላሷ ከኔ ሚዛን ይልቅ የታመነ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ የምን ወጥ?»

«እንግዲህ… ሽሮ።»

«የሰርግ ሽሮ! አማቾቻችን አገራቸው ዲማ ድረስ ሄደው ያውሩብን? ‹የአንድ ልጃቸውን ሰርግ በሽሮ ሸኙት› ይበሉን?»

«መሐላዬስ?»

«መሐላህን ከመማልህ በፊት ብትጠይቀኝ ኖሮ የሚበላ ነገር እፈልግልህ ነበር።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ነጋዴ ሁሉ መላ ያለው ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ መላ የለኝም ማለት ስለማልወድ አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩ።

«ዓሣ አይታረድም።»

እውነት ነው፤ ዓሣ ላይ የማንም ቢላ አይነሣም፤ ከውሃ ሲወጣ በራሱ ጊዜ ይሞታል። የክርስቲያን ሥጋም አይደለም፣ የእስላም ሥጋም አይደለም። ጨው ለማምጣት ወደ ደጀን ስወርድ ዓባይ ዳር የሚያጠምዱ ሰዎች አይቻለሁ። ችግሩ ዓባይ ሩቅ መሆኑ ነው፤ የሞተ ዓሣ ገደሉን ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ ሽታው ቀድሞት ይደርሳል። ስለዚህ በሕይወት አምጥተን፣ እዚሁ አርብተን፣ ለጥር ማድረስ ነው።

ወዳጄ ከቤቱ በላይ ምንጭ ነበረው። ከምንጩ በታች ረግረግ ሆኖ በሬ የሚያሰጥም፣ ለእህልም ለግጦሽም የማይሆን መሬት አለ። ያንን ቆፈርነው። ወዳጄ ሸክላ አፈር ከእበት ጋር አቡክቶ ግድግዳውን ለቀለቀው። ጎረቤት «ምንድን ነው?» ሲለው «ቤት ነው» ይላል። «የማን?» ሲሉት «የእንግዳ»።

እኔ ደግሞ ከጣሊያን ጦር ሰፈር ሁለት ባዶ የወይን በርሜል ገዛሁ፤ በከተማው ለዚህ የሚሆን ሌላ ዕቃ ጠፍቶ ነው። በቅሎዋን ግራና ቀኝ ጭኜ በገበያ መሃል ሳልፍ «ነጋዴው ጠጪ ሆነ!» የማይል አልነበረም። ሚስቴም ሰማች። የኩርፊያው የመጀመሪያ ሳምንት ይህ ነው።

በጥር ዓባይ ወረድኩ። አጥማጁ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ያኔ ምነው ልብ ብዬ በሰማሁት።

«ቀረሶ ልስጥህ ወይስ አምባዛ? ቀረሶ ቅርፊት ያለው ነው፣ ሥጋው ነጭ። አምባዛ ደግሞ ጢማሙ፣ ሙልጭልጩ።»

«የትኛው ነው መንገድ የሚችል?»

«ቀረሶ ገደሉ አጋማሽ ላይ ይሞትብሃል። አምባዛ እርጥብ ጋቢ ብታለብሰው ጎንደር ድረስ ይሸኝሃል።»

ነጋዴ መንገድ ላይ የማይሞትበትን ዕቃ ይመርጣል። የክንድ ግማሽ የማይሞሉ ሠላሳ አምባዛ ገዛሁ። ዋጋውን በመርፌ ተስማማን፤ ከወጪው ያልጻፍኩት መርፌዎቹ የዛጉ ስለነበሩ ነው። የገዛ ጋቢዬን ነክሬ የበርሜሎቹን አፍ ሸፈንኩ፤ የኩርፊያው ሁለተኛ ሳምንት ከዚህ ጋቢ ሽታ የመጣ ነው።

በቅሎዬ አሥር ዓመት ጨው የተሸከመች፣ ተኩስ ሰምታ ጆሮዋን የማታነሣ እንስሳ ናት። ገደሉን ስንወጣ ግን በግራ በኩል ያለው በርሜል ውስጥ አንዱ አምባዛ በጅራቱ ጣውላውን ጧ! አደረገው። የቀኙ መለሰለት። በቅሎዋ ቆመች፣ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተኛች። በልመናም በዱላም አነሣኋት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ውሃ ሲንቦጫረቅ በሰማች ቁጥር የምትተኛ ሆነች። ከአንድ ወር በኋላ ጨሞጋን ላሻግራት ስል መሃል ወንዝ ላይ ተኛች፤ ከነጭነቷ። አሥራ ስምንት አሞሌዬን ጨሞጋ ጠጣው። ዳር ቆመው የሚያዩኝ ሰዎች «ዛሬ የታች አገር ሰው ወጡ ጨው ሳይጨመርበት ይጣፍጥለታል» አሉኝ። በቅሎዋን ቁይ ወስጄ ሸጥኩ፣ በገንዘቡ አህያ ገዛሁ። ይህ ግን በኋላ የሆነ ነው።

የከተማው በር ላይ የጣሊያን ዘበኛ አስቆመኝ። የይለፍ ወረቀቴ «ጨው» ይላል፤ በርሜሎቼ ይንቦጫረቃሉ። ጊዜው ክፉ ነው፤ ጫካው የአርበኛ፣ ከተማው የጣሊያን፣ መንገዱ የሁለቱም ነው፤ በበርሜል ጥይት ያስገቡ እንዳሉም ይወራል። ዘበኛው ጋቢዬን ገልጦ እጁን እስከ ክንዱ ከተተ። ከውስጥ ምን እንዳደረገው አላየሁም፤ እሱ ግን እንደ ጥጃ ጮኾ ጠመንጃውን ጥሎ ሮጠ። ሌሎቹ ጠመንጃ ደግነው መጡ። እጄን ወደ ላይ አድርጌ፣ በሆዴ ሸሃዳዬን እያደረስኩ ቆምኩ። በዚህ መካከል አንድ ወፍራም፣ ሽርጥ የታጠቀ ሰው እያለከለከ ደረሰ፤ የጦር ሰፈሩ ወጥ ቤት ነው። ወደ በርሜሉ አጎንብሶ አየና ፊቱ እንደ በዓል በራ።

«ፔሼ!» አለ፣ በቋንቋቸው ዓሣ ማለቱ ነው። «ፔሼ!»

ጠመንጃዎቹ ዝቅ አሉ። ወጥ ቤቱ የገበያ አማርኛ ያውቅ ነበርና በዚያ ተደራደርን። ትልቁን ዓሣ ወሰደ። «በነፃ?» አልኩት፤ ሞትን ካመለጥኩ ገና የአንድ ጸሎት ያህል ጊዜ አልሆነኝም፤ የሙያ ልማድ ነው። ሳቀና ከሽርጡ ኪስ ሁለት የወረቀት ጥቅልል ዘር አውጥቶ ሰጠኝ። «ሰላጣ» አለኝ፤ «ቆስጣ» አለኝ። ከነስማቸው ተረከብኳቸው።

ከሠላሳው ስምንት መንገድ ላይ ሞተዋል፣ አንዱን ወጥ ቤቱ ወሰደ፣ የቆላ ልጆች ናቸውና ዘጠኙን የመጀመሪያው ሌሊት ብርድ ጨረሳቸው። የቀሩት አሥራ ሁለት ኖሩ።

ወዳጄ በሬ እንጂ ዓሣ ጠብቆ አያውቅም። የሚያውቀውን አደረገ፤ ዳር ተቀምጦ ለበሬዎቹ የሚያፏጭላቸውን ያፏጭላቸው ጀመር። የጠላ አተላ፣ ምስጥ፣ ትል፣ የጠወለገ ጎመን ያቀርብላቸዋል። አንድ ቀን ረቡዕ ረፋድ ላይ ደርሼ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ እየከፈቱ አገኘኋቸው።

«አብልተሃቸዋል?»

«ረቡዕ አይደለም እንዴ? እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ እነሱ ጠዋት ይብሉ?»

«ዓሣ ይጾማል?»

«ክርስቲያን ቤት እስካለ ድረስ ይጾማል።»

«ግማሹ የኔ ነው እኮ! በረመዳን ደግሞ ቀን ቀን ላስጾምልህ?»

አሰበበት። «በዚያ ከሄድን አይወፍሩም» አለና አተላውን ደፋላቸው።

መጋቢት ላይ ምንጩ ቀጠነ። ውሃው ቆሞ ይሸት፣ ዓሣዎቹም አየር ፍለጋ ላይ ላዩን ይሉ ጀመር። ወዳጄ የሸተተውን ውሃ ቀዶ በታች በኩል ወደ ሚስቱ ጎመን መደብ ለቀቀው። ሚስቱ ጮኸች፤ ውሃው ችግኟን ነቅሎባት ነበር። ከወንዝ ጠጠር አስመጥታ መደቡ ላይ አፈሰሰች፣ ችግኙን በጠጠሩ መሃል መልሳ ተከለች፣ የወጥ ቤቱንም ሰላጣና ቆስጣ በዚያው ዘራች። ውሃው በጠጠሩ ውስጥ ተንሸራሽሮ በታች ጉድጓድ ተጠራቀመ። ከሳምንት በኋላ ጠራችን።

«ኑ እዩ። ከላይ ሲገባ ምን ይመስላል?»

«አተላ» አልኩ።

«ከታች ሲወጣስ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ፊቴ ታየኝ።

«ጎመኑ ውሃውን ያጥበዋል» አለች።

«ጎመን ያጥባል?» አለ ባሏ።

«ከአንተ የተሻለ ያጥባል። ይልቅ ይህን የታጠበ ውሃ ወደ ላይ መልሱላቸው።»

ወዳጄ ረጅም አጣና በባላ ላይ አጋድሞ ጫፉ ላይ ትልቅ ቅል አሰረ። ጠዋትና ማታ ከታች ጉድጓድ እየቀዳ ወደ ላይ ይገለብጣል። ዓሣው ውሃውን ያቆሽሻል፣ ጎመኑ ያጥበዋል፣ ቅሉ ይመልሰዋል፣ የጎመኑ ትርፍራፊ ደግሞ ዓሣውን ያበላል። አንድ ውሃ ሲዞር ይውላል። ምንጩ የሚጨምረው ፀሐይ የጠጣችውን ያህል ብቻ ሆነ። በንግድ ዓለም እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ሁሉም ያተርፋል፣ ማንም አይከስርም። በቅሎዋን ሳይጨምር።

ጎመኑስ! እንደ ጋሻ ሰፋ። ቆስጣው እስከ ጉልበት ደረሰ። ሰላጣውን መጀመሪያ ጊዜ ለበግ ሰጠነው፤ በጓ ወደደችው። ከዚያ በየቅዳሜው ሚስትየው በቅርጫት ይዛ ለወጥ ቤቱ መሸጥ ጀመረች። የሰላጣው ገንዘብ ስንት እንደነበር አላውቅም፤ አላሳየችኝም። የልጅቷ የሰርግ ቀሚስ የተገዛው ግን በሱ ነው።

ኅዳር ገባ፤ ሰርጉ ሁለት ወር ቀረው። አምባዛዎቹ ከክንድ አልፈዋል። ያኔ የወዳጄ አማት፣ አሮጊቷ፣ ታችኛው ጉድጓድ እግራቸውን ነክረው ሲቀመጡ የጉልበታቸው ቁርጥማት ለቀቃቸው። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ተቀምጠውም አርፈዋል፤ እኔ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል። እሳቸው ግን ለአንዲት ጎረቤት ነገሩ። በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሥራ አንድ ሴቶች ቅልና እንስራ ይዘው ደረሱ። ጠበል ፈልቋል ተብሏል።

ደርሼ ሳይ ውሃው በግማሽ ወርዷል፤ የአምባዛዎቹ ጀርባ ይታያል።

«እናቶቼ፣ በፈጠራችሁ! ይህ ጠበል አይደለም፣ የዓሣ ውሃ ነው!»

«እስላም ስለ ጠበል ምን ያውቃል?» አለችኝ አንዷ እንስራዋን እየሞላች።

«ዓሣው ሊሞት ነው!»

«ጠበል ውስጥ የሞተ ይጸድቃል።»

«ጠበል ካልሆነ ጎመኑ እንዲህ በምን በቀለ?» አለች ሌላዋ። መልስ ነበረኝ፤ በሴቶች ፊት የሚነገር አልነበረም።

ወዳጄ ሮጦ የንስሐ አባቱን አመጣ። ዲማ የተማሩ፣ ቀጭን፣ ነገር ሲያዩ አንድ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ቄስ ናቸው። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁ። ቄሱ ምንጩን አዩ፣ ጉድጓዱን አዩ፣ ቅሉን አዩ፣ ጎመኑን ቀጥፈው አሸተቱ።

«ጠበል አይደለም» አሉ። «እርሻ ነው። ያውም የተራቀቀ። በሉ ውሃውን መልሱ።»

ሴቶቹ እያጉረመረሙ መለሱ። ‹እስላም ምን ያውቃል› ያለችኝ ግን አንድ ቅል ሞልታ «ለማንኛውም» ብላ ይዛ ሄደች።

ቄሱ ካባቸውን ሰብስበው ዳር ተቀመጡ። «ዓሣው ለምንድን ነው?»

«ለሰርጉ፣ መምሬ» አለ ወዳጄ ደረቱን ነፍቶ። «እኔና ይህ ነጋዴ ከአንድ መሶብ የምንበላው። መሐላዬን ሰምተው የለ?»

«ሰምቼአለሁ። እስቲ አንዱን አምጣ።»

ወዳጄ ለእሱ ብቻ በሚታዘዙለት ፉጨት ጠራና አንዱን አቅፎ አወጣ። አምባዛው ጢሙን እያወዛወዘ ቄሱን ተመለከተ። ቄሱ በአንድ ዓይናቸው መልሰው ተመለከቱት። ከራሱ እስከ ጅራቱ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ቅርፊቱ የታለ?»

«የምን ቅርፊት?»

«ልጄ፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ለኛ አይበላም። ሕግ ነው። ይህ ደግሞ እንደ ሕፃን የለሰለሰ ነው።»

እንግዲህ ዓመት ሙሉ የደከምንበት ስሕተት ይህ ነው፤ ወዳጄ በዕድሜው ዓሣ ቀምሶ ስለማያውቅ የራሱን ሕግ አልጠየቀም፤ እኔ ደግሞ የሱ ሕግ አያገባኝም ብዬ መንገድ የሚችለውን መረጥኩ። አጥማጁ በአፉ ሙሉ «ቅርፊት ያለው» ብሎኝ ነበር።

«ስለዚህ» አልኩ፣ «እኔ እበላለሁ፣ እሱ አይበላም።»

«እንደዚያ ነው።»

«ማለት ጓሮ፣ ለብቻዬ።»

ወዳጄ ዓሣውን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ። ፊቱ ላይ ሁለት ነገር ይታያል፤ መሐላው ያስጨንቀዋል፣ ዓሣው ከመበላት በመትረፉ ደግሞ ደስ ብሎታል። ሁለተኛውን ለመደበቅ ቶሎ ወደ ውሃው መለሰው። «መምሬ፣ መሐላዬ ምን ሊሆን ነው? ልጄን አልድርም ብያለሁ። ልጅቷስ? ‹ይቅርብኝ› ካለች ቃሏን አትበላም፤ እናቷን ነው የመሰለች!»

እናቷ ይህን ጊዜ ከመደቡ ተነሥታ ወጣች። በሁለት እጇ ሙሉ ጎመን ታቅፋለች። ባሏ ፊት መጥታ ቆመች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጎመን።»

«ታርዷል?»

«…አልታረደም።»

«ቅቤ ታርዶ ያውቃል? አይብስ? ዕንቁላል የማን ቢላ ነው የሚያርደው?»

«ሴትዮ፣ የሰርግ ጎመን…»

«ጾም ነው ያለህ ማን ነው? በንጥር ቅቤ እሠራዋለሁ፣ በአይብ እከበዋለሁ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከዚሁ፣ ቃሪያው ከዚሁ። ለሰዉ በሬህን ጣልለት። ያንተ መሶብ ግን ይህ ነው።»

ቄሱ የጨፈኑትን ዓይን ገለጡ። «ቅርፊትም አያስፈልገው» አሉ።

እኔ ግን ነጋዴ ነኝ። «እመቤት» አልኳት፣ «ይህን የዛሬ ዓመት ብትነግሪን በቅሎዬ ዛሬ ደጄ ላይ ነበረች።»

«የዛሬ ዓመት ይህ ጎመን የት ነበር? የድሮውን የጓሮዬን ጎመን በጥር ፍየል አሽትታ ነው የምታልፈው! ይህን ያበቀለው ዓሣህ አይደል?»

ዋጋ ሲቆረጥ ዝም ማለት አውቃለሁ።

በዚያው ሳምንት ግን የኪሳራዬን ጣዕም ልወቀው ብዬ አንዱን አምባዛ ጓሮ ለብቻዬ ጠበስኩት። ወዳጄ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ማየት አልፈለገም። በሰማያዊዋ ሳህን ቀርቦልኝ ቀመስኩት። ጭቃ ጭቃ ይላል።

ጥር መጣ። ዳሱ ተጣለ፣ በሬው ወደቀ፣ ሰዉ ሞላ። ወዳጄ ከመሃል ተቀመጠ፤ በቀኙ እኔን፣ በግራው የሙሽራውን አባት፣ ከፊቱ ቄሱን። የሙሽራው አባት ጢማቸው የተፈራ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ባላባት ናቸው። የሰዉ ሁሉ ዓይን እኛ መሶብ ላይ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ጎመኑ በቅቤ እያበራ፣ አይቡ ዙሪያውን ነጭ ሆኖ፣ ቆስጣው በዕንቁላል፣ ቃሪያው በነጭ ሽንኩርት ተሰንጎ ታየ። ሥጋ የሚባል የለም።

የሙሽራው አባት መሶቡን አዩ፣ ወዳጄን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ሥጋ የለም?»

«በየመሶቡ ሞልቷል፣ ጌታዬ» አለ ወዳጄ። «እዚህ መሶብ ላይ ግን ቢላ አልተነሣም። ከዚህ ወንድሜ ጋር ልበላ ምዬ ነው። እርስዎ ካሻዎት ከዚያኛው ያስመጡልዎታል።»

አማቹ አንድ ጉርሻ አነሡ። አኘኩ። ሁለተኛ አነሡ፣ ሦስተኛ አነሡ። ከዚያ ወደ ወዳጄ ጆሮ አጎንብሰው፣ ግን እኔም እንድሰማው ሆኖ፣ እንዲህ አሉ።

«አምስት ዓመት ሆኖኛል ጥርስ ከከዳኝ። በየሰርጉ ሥጋ ያኘክሁ መስዬ እጅጌዬ ውስጥ ስከት ነው የኖርኩት። የኔን መሶብ የሠራልኝ ዛሬ ገና አገኘሁ። ይህን ጎመን ከየት አመጣችሁት?»

ቄሱ ሳቃቸው አፈናቸው፤ ውሃ ቀረበላቸው። ሙሽሪት ከመጋረጃ በስተጀርባ አሾልካ አየችን። አባቷ እኔን አጎረሰኝ፤ እኔም እሱን። የጉርሻው ትልቅነት ከልክ በላይ ስለነበረ ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም መናገር አልቻልንም። ከኋላ ያሉት እንግዶች ከኛ መሶብ ይቀመስልን ማለት ጀመሩና ጎመኑ ከሥጋው ቀድሞ አለቀ። ከሰርጉ በኋላ ለአማቾቹ፣ ለዲማ ሰዎች፣ ዘር ሳይሰጥ ያለፈ ቀን አልነበረም፤ ዘሩን ወስደው ተከሉት፤ እንደኛው ግን አልሆነላቸውም። ውሃውን አላወቁትም።

ጣሊያን ሲወጣ ወጥ ቤቱም አብሮ ሄደ። ዓሣዎቹ አልሄዱም። ወዳጄ አሁንም ጠዋትና ማታ ቅሉን ያነሣል፣ ያፏጫል፤ አተላ የሚሰጣቸው በሰማያዊዋ ሳህን ነው። እኔ እዚያ ቤት ሌላ ሳህን የለኝም፤ ከመሶቡ ነው የምበላው።

ሂሳቡ ይህ ነው። በቅሎ የለኝም፤ አህያ አለኝ። በርሜሎቹ በስብሰዋል። ጨውን ጨሞጋ ወስዶታል። ጋቢው ይሸታል። ሚስቴ ታርቃለች። ገቢ፣ አንድ ምሳ። በእጅ ያለ፣ አሥራ አንድ ዓሣ።